የብሪታንያን የሕዝብ አስተያየት ጥናት እንዴት መመርመር ይቻላል? ከጥያቄው ቃል እስከ ጥሬ መረጃው

በብሪታንያ ስለ ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ጉዳዮች አንድም የሕዝብ አስተያየት ጥናት ሳይወጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም ማለት ይቻላል። ስደት፣ ግብር፣ የጤና አገልግሎት፣ የስኮትላንድ ነጻነት፣ የሞት ቅጣት፣ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣት፣ ሁሉም በመቶኛ ተለክቶ በጋዜጣ ይወጣል። በአማርኛ የሚሠሩ መገናኛ ብዙኃንና በዚያው አገር የሚኖሩ አንባቢዎቻቸውም ቁጥሮቹን ተቀብለው ያስተላልፋሉ፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚተላለፈው ርእሱ ብቻ ሲሆን፣ ጥያቄው ምን እንደነበረ፣ ማን እንደተጠየቀና መልሱ ካለፉት ዓመታት ጋር ሲነጻጸር ምን እንደሚመስል መንገድ ላይ ይቀራል። ይህ መመሪያ አንድን የብሪታንያ ጥናት ከርእሱ ተነሥቶ እስከ ሰንጠረዡ ድረስ እንዴት መመርመር እንደሚቻል በቅደም ተከተል ያሳያል። በጸሐፊው እምነት ከአንድ ጥናት ሁለት ነገሮች ብቻ ክብደት አላቸው፤ አንደኛው የጥያቄው ትክክለኛ ቃል ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ያው ጥያቄ በተመሳሳይ መንገድ ሲጠየቅ በዓመታት ውስጥ ያገኘው መልስ ነው። ለብቻው የቆመ መቶኛ የሚያስተምረው ጥቂት ነው።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በየደረጃው እንደ መለማመጃ የምንመለስበት ጉዳይም አንድ ነው፦ በብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት፣ በተለምዶ ኤንኤችኤስ በሚባለው፣ የረኩ ሰዎች ቁጥር በ2024 ወደ 21 በመቶ ወርዷል የሚለው ዜና።

አንደኛ ደረጃ፦ ጥናቱን ያካሄደው ማን እንደሆነና ወጪውን የሸፈነው ማን እንደሆነ ይለዩ

የብሪታንያ ጥናቶች በጥቅሉ በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ለማኅበራዊ ሳይንስ ጥናት ተብለው በዝግታና በከፍተኛ ወጪ የሚሠሩ ናቸው። ከእነዚህ ዋነኛው ብሪቲሽ ሶሻል አቲቱድስ የተባለው ሲሆን፣ ከ1983 ጀምሮ ናትሴን በሚባለው የማኅበራዊ ምርምር ማእከል በየዓመቱ ሲካሄድ ቆይቷል፤ የተዘለሉት 1988 እና 1992 ናቸው። ከ1964 ጀምሮ ምርጫዎችን ተከትሎ የሚሠራው የብሪታንያ ምርጫ ጥናትም ከዚሁ ወገን ነው። ሁለተኛዎቹ የንግድ ድርጅቶች ናቸው፤ በ1969 የተመሠረተውና በኋላ ከኢፕሶስ ጋር የተዋሐደው ሞሪ፣ በ2000 የተመሠረተው ዩጎቭና ሌሎችም በቀናት ውስጥ ጥያቄ አውጥተው፣ አስሞልተው፣ ውጤቱን ለደንበኛ ያስረክባሉ። ሦስተኛው ወገን ጥናት ተብሎ ሊጠራ የማይገባው ነው፦ አንድ ጋዜጣ በድረ ገጹ ላይ፣ ወይም አንድ ታዋቂ ሰው በማኅበራዊ መገናኛ ገጹ ላይ ያወጣውና ያለፈ ያገደመ ሁሉ የሚጫነው ድምፅ መስጫ። ይህን የመጨረሻውን፣ ሃምሳ ሺህ ሰው ቢሞላውም እንኳ፣ ሳይዘግቡት ይለፉት፤ የመላሹ ብዛት የመላሹን ማንነት አያስተካክልም።

በሁለተኛው ወገን ያሉትን ለመመዘን የመጀመሪያው ማጣሪያ ድርጅቱ የብሪቲሽ ፖሊንግ ካውንስል አባል መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በ2004 የተቋቋመው ይህ ማኅበር አባላቱ ለሕዝብ የወጣን ጥናት ሙሉ ሰንጠረዥ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያወጡ፣ የጥያቄውን ሙሉ ቃል፣ የናሙናውን መጠን፣ መረጃው የተሰበሰበበትን ቀንና ጥናቱን ያዘዘውን ደንበኛ እንዲገልጹ ያስገድዳል። አባልነቱ ጥናቱ ትክክል ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ለመመርመር የሚያስችል ሰነድ መኖሩን ግን ያረጋግጣል።

የደንበኛው ማንነትም መታየት አለበት። በብሪቲሽ ሶሻል አቲቱድስ ውስጥ ስለ ኤንኤችኤስ እርካታ የሚጠየቁትን ጥያቄዎች ወጪ የሚሸፍኑትና ውጤቱን የሚተነትኑት ኪንግስ ፈንድና ነፊልድ ትረስት የተባሉ ሁለት የጤና ፖሊሲ ተቋማት ሲሆኑ፣ ዋናው ጥያቄ ከእነርሱ በፊት የነበረና ለዓመታት ያልተቀየረ ነው። አንድ ዘመቻ የሚያካሂድ ቡድን በዘመቻው ሳምንት ያዘዘው አዲስ ጥያቄ ግን ሌላ ነገር ነው። ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ደንበኛው ጥያቄውን ሲመርጥ የሚፈልገውን መልስ አስቦ ሊሆን ስለሚችል ቀጣዩን ደረጃ በእጥፍ ጥንቃቄ ያከናውኑ ማለት ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የጥያቄውን ሙሉ ቃል ፈልገው ያንብቡ

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ ለመፈጸም ጊዜ ያለው ሰው ይህንን ይፈጽም። ከድርጅቱ ድረ ገጽ ሰንጠረዡን ወይም መጠይቁን ያውርዱ፤ ጥያቄውን፣ ለመላሹ የቀረቡትን አማራጮችና ከጥያቄው በፊት የተጠየቁትን ጥያቄዎች ያንብቡ።

የቃል ለውጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ብሪታንያውያን ራሳቸው በሁለት ታላላቅ ሕዝበ ውሳኔዎች አሳይተዋል። የስኮትላንድ መንግሥት በ2014ቱ ሕዝበ ውሳኔ ሊጠይቅ ያሰበው «ስኮትላንድ ነጻ አገር መሆን አለባት በሚለው ይስማማሉ?» ብሎ ነበር። የምርጫ ኮሚሽኑ ጥያቄውን በሰዎች ላይ ከሞከረ በኋላ «ይስማማሉ» የሚለው አጠያየቅ መላሹን ወደ አዎንታ ይገፋል ብሎ በመደምደሙ፣ በመጨረሻ የቀረበው «ስኮትላንድ ነጻ አገር መሆን አለባት?» የሚለው ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ መንግሥት ስለ አውሮፓ ኅብረት ያቀረበው ጥያቄ «ዩናይትድ ኪንግደም የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆና መቆየት አለባት?» የሚልና በአዎ ወይም በአይ የሚመለስ ነበር። ኮሚሽኑ አሁንም መቆየትን ብቻ የሚጠቅስ ጥያቄ ሚዛኑን የጠበቀ አይደለም በማለቱ፣ «አባል ሆና መቆየት ወይስ ከኅብረቱ መውጣት አለባት?» ተብሎ ተስተካከለ፤ ሕዝቡም በ2016 የመለሰው ይህንኑ ነው። ለሕዝበ ውሳኔ ይህን ያህል የተጨነቁበት የቃል ልዩነት በተራ ጥናት ውስጥ ማንም ሳይቆጣጠረው እንደሚያልፍ ልብ ይበሉ።

«በሚከተለው አባባል ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም?» የሚሉ ጥያቄዎችን በተለይ ይጠንቀቁ። ብዙ ሰው፣ በተለይ ስለ ጉዳዩ አስቦ የማያውቅ፣ መስማማት ይቀለዋል። ብሪቲሽ ሶሻል አቲቱድስ ስለ ሞት ቅጣት የሚጠይቀው «ለአንዳንድ ወንጀሎች ተገቢው ፍርድ የሞት ቅጣት ነው» በሚል አባባል ነው፤ በ2014 በዚህ የተስማሙት 48 በመቶ ሆኑና ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ በታች ወረዱ። «አንዳንድ ወንጀሎች» የሚለው ሐረግ እያንዳንዱ መላሽ በልቡ የከፋውን ወንጀል አስቦ እንዲመልስ ይፈቅድለታል። አንድ የንግድ ድርጅት ደግሞ ስለ ተራ ግድያ ለይቶ ቢጠይቅ ሌላ ቁጥር ያገኛል። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱን አንሥቶ «ብሪታንያውያን የሞት ቅጣትን ይደግፋሉ» ብሎ መጻፍ ግን ትክክል አይደለም።

የአማራጮች ዝርዝርም የጥያቄው አካል ነው። ኢፕሶስ ከ1974 ጀምሮ «ዛሬ ብሪታንያን የገጠማት ዋነኛ ጉዳይ ምንድን ነው?» እያለ ሲጠይቅ ለመላሹ ዝርዝር አያቀርብለትም፤ ሰውየው በራሱ አንደበት የመጣለትን ይናገራል። ዩጎቭ ለተመሳሳይ ዓላማ የጉዳዮች ዝርዝር አቅርቦ እስከ ሦስት ድረስ ምልክት እንዲደረግ ይጠይቃል። ስለዚህ በአንዱ ስደት 35 በመቶ፣ በሌላው 50 በመቶ ቢያገኝ የሕዝቡ ስጋት በአንድ ሳምንት ጨመረ ተብሎ ሊጻፍ አይችልም፤ ዝርዝር ሲያዩ የሚያስታውሱና ሳይጠየቁ የሚናገሩ ሰዎች ቁጥር አንድ አይደለምና።

አሁን ወደ መለማመጃችን እንመለስ። የኤንኤችኤሱ ጥያቄ በአማርኛ ሲቀመጥ «በአጠቃላይ ሲታይ፣ ብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ በአሁኑ ጊዜ በሚሠራበት ሁኔታ ምን ያህል ረክተዋል ወይም ቅር ተሰኝተዋል?» እንደ ማለት ሲሆን፣ መልሶቹ በጣም ከረካሁ እስከ በጣም ቅር ተሰኘሁ ድረስ አምስት ናቸው፤ በመካከላቸውም «ከሁለቱም አይደለሁም» የሚል አለ። ጥያቄው መርሑን ሳይሆን አሠራሩን ይጠይቃል። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያው ጥናት ውስጥ አገልግሎቱ በሚያስፈልግበት ጊዜ በነጻ መሰጠቱ መቀጠል አለበት ያሉት ከአሥር ዘጠኝ ያህሉ ናቸው። የ21 በመቶውን ርእስ ብቻ ያነበበ ሰው ሕዝቡ ነጻ ሕክምናን መተው ፈለገ ብሎ ቢደመድም፣ ያው ጥናት ከጥቂት ገጾች በኋላ ይቃወመዋል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ማን እንደተጠየቀና ማን እንዳልተጠየቀ ይመልከቱ

በመጀመሪያ መልክአ ምድሩን። አብዛኞቹ ጥናቶች የሚሸፍኑት እንግሊዝን፣ ስኮትላንድንና ዌልስን ብቻ ነው፤ ሰሜን አየርላንድ የራሷ ፓርቲዎችና ከ1998 ጀምሮ የሚካሄድ የራሷ ማኅበራዊ ጥናት አላት። ስለዚህ ሰንጠረዡ «ታላቋ ብሪታንያ» የሚል ከሆነ በዘገባዎ ውስጥ «ዩናይትድ ኪንግደም» ብለው አይጻፉ።

ቀጥሎ የመላሾችን መብት ይመልከቱ። በጠቅላላ ምርጫ መምረጥ የሚችሉት የብሪታንያ፣ የአየርላንድና ሁኔታውን የሚያሟሉ የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች ናቸው፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች፣ የብሪታንያ ዜግነት ያልወሰደ ኢትዮጵያዊ በዚያ አገር ሃያ ዓመት ቢኖርም በጠቅላላ ምርጫ አይመርጥም። በስኮትላንድና በዌልስ ግን በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር የማንኛውም አገር ዜጋ በ2020 በወጡ ሕጎች መሠረት ለአካባቢው ፓርላማ መምረጥ ይችላል። የዚህ ትርጉም ቀጥተኛ ነው፦ «ምርጫ ነገ ቢሆን ለማን ይመርጣሉ?» የሚል ጥናት መራጮችን ሲወክል፣ እንደ ብሪቲሽ ሶሻል አቲቱድስ ያለው ግን በቤቱ የሚኖረውን ጎልማሳ ዜግነቱን ሳይጠይቅ ያካትታል። ሁለቱ ስለ ተለያየ ሕዝብ ይናገራሉ። በስደተኞች መጠለያ፣ በእስር ቤት ወይም በአረጋውያን ማቆያ የሚኖሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም አይገኙም።

ቀኑንም አይርሱ። የ21 በመቶው ውጤት የታተመው በሚያዝያ 2025 ቢሆንም፣ መልሶቹ የተሰበሰቡት በ2024 መስከረምና ጥቅምት፣ አዲሱ የሌበር መንግሥት ሥልጣን በያዘ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ነው። የሚያዝያውን ስሜት ይለካል ብሎ የዘገበ ሰው ግማሽ ዓመት ተሳስቷል።

አራተኛ ደረጃ፦ ሰዎቹ እንዴት እንደተገኙ ያጣሩ

ይህ ደረጃ አሰልቺ ይመስላል፤ ሆኖም በብሪታንያ ታላላቅ ስህተቶች የተፈጠሩት እዚህ ላይ ነው። ናሙና ለማግኘት ሁለት መንገዶች አሉ። በአንደኛው፣ ከፖስታ ቤቱ ከሮያል ሜይል የአድራሻ መዝገብ ላይ ቤቶች በዕጣ ይወጣሉ፤ የተመረጠው ቤት በሌላ አይተካም፤ ጠያቂው ሰዎቹ እስኪገኙ ደጋግሞ ይመላለሳል ወይም ደብዳቤ ይልካል። በሁለተኛው፣ ድርጅቱ አስቀድመው በፈቃዳቸው ከተመዘገቡና ለሞሉት መጠይቅ ነጥብ ከሚከፈላቸው ሰዎች መካከል በዕድሜ፣ በጾታ፣ በአካባቢና በትምህርት ደረጃ ኮታ እየሞላ ይወስዳል። ሁለተኛው ርካሽና ፈጣን ነው፤ ችግሩ ግን በኢንተርኔት ፖለቲካ ነክ መጠይቅ ለመሙላት የሚመዘገብ ሰው በዕድሜና በጾታ ጎረቤቱን ቢመስልም በፖለቲካ ፍላጎቱ ግን ላይመስለው መቻሉ ነው።

በግንቦት 2015 የሆነውን ማየት ይጠቅማል። የመጨረሻዎቹ ጥናቶች ኮንሰርቫቲቭና ሌበር እኩል ለእኩል ናቸው ቢሉም፣ ቆጠራው ኮንሰርቫቲቭን በስድስት ነጥብ ተኩል ገደማ አስበለጠ። በፕሮፌሰር ፓትሪክ ስተርጂስ የተመራው አጣሪ ቡድን በ2016 ባወጣው ዘገባ ዋናው ምክንያት ናሙናዎቹ መራጩን አለመምሰላቸው እንደነበር ደመደመ፤ ሰዎች ዋሹ ወይም በመጨረሻው ሰዓት ሐሳባቸውን ቀየሩ የሚለው ማብራሪያ በቂ ሆኖ አልተገኘም። ይበልጥ የሚያስገርመው ከምርጫው በኋላ ብሪቲሽ ሶሻል አቲቱድስ በዕጣ በተመረጡ ቤቶች ለማን እንደመረጡ ሲጠይቅ ለትክክለኛው ውጤት የተቃረበ መልስ ማግኘቱ ነው። ዝርዝሩ ሲታይ፣ ጠያቂው ለመጀመሪያ ጊዜ በር ሲያንኳኳ ቤት የተገኙት ሰዎች ወደ ሌበር ያዘነበሉ ሲሆኑ፣ ሦስት አራት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ የተገኙት ደግሞ ወደ ኮንሰርቫቲቭ ያዘነብሉ ነበር። በቶሎ የሚገኘውን ሰው ብቻ የሚጠይቅ ጥናት የትኛውን ወገን እንደሚያጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የዕጣ ናሙናም ያለ እንከን አይደለም። ብሪቲሽ ሶሻል አቲቱድስ እስከ 2019 ድረስ በሰዎች ቤት ፊት ለፊት ይጠይቅ ነበር፤ በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት በደብዳቤ ጋብዞ በኢንተርኔት ወደ ማስሞላት ተሻገረ። ሰው ጠያቂ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሲመልስና ለብቻው ስክሪን ሲነካ የሚሰጠው መልስ፣ በተለይ እንደ ስደትና ዘር ባሉ ይሉኝታ በሚያስከትሉ ጉዳዮች፣ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ በ2019 እና በ2020 መካከል የታየን ለውጥ ሁሉ የአስተሳሰብ ለውጥ ነው ከማለት ይቆጠቡ፤ ከፊሉ የአጠያየቁ ለውጥ ሊሆን ይችላል።

በሰንጠረዡ አናት ላይ ሁለት የመላሾች ቁጥሮች ያገኛሉ፤ አንደኛው በእርግጥ የመለሱ ሰዎች ብዛት ሲሆን ሁለተኛው ክብደት ከተስተካከለ በኋላ ያለው ነው። ለምሳሌ ወጣት ወንዶች በናሙናው ውስጥ ከሕዝቡ ድርሻቸው በግማሽ ካነሱ፣ እያንዳንዳቸው እንደ ሁለት ሰው ይቆጠራሉ። ይህ የተለመደና አስፈላጊ ሥራ ነው። በአንድ ንኡስ ቡድን ላይ ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ከተራራቁ ግን ጥቂት ሰዎች የብዙዎችን ድምፅ ተሸክመዋል ማለት ስለሆነ፣ ያንን ዓምድ ባይጠቅሱት ይመረጣል።

አምስተኛ ደረጃ፦ የስህተት ህዳጉን ያስሉ፣ በተለይ ለንኡስ ቡድኖች

የስህተት ህዳግ የናሙናው ቁጥር ከሕዝቡ እውነተኛ ቁጥር ምን ያህል የመቶኛ ነጥብ ሊርቅ እንደሚችል ይገልጻል። በዕጣ ለተመረጠ ናሙና የሚሠራው የተለመደ ስሌት 1,000 ሰው ሲጠየቅ ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ነጥብ፣ 2,000 ሲጠየቅ 2 ነጥብ ገደማ፣ 100 ሲጠየቅ ደግሞ 10 ነጥብ ያህል ህዳግ ይሰጣል። ለንግድ ድርጅቶች የምርጫ ጥናት ብሪቲሽ ፖሊንግ ካውንስል የበለጠ ትሑት መለኪያ አለው፤ በቅርብ ምርጫዎች ልምድ መሠረት አንድ ፓርቲ ያለው እውነተኛ ድጋፍ ጥናቱ ካሳየው ቁጥር በ4 ነጥብ ውስጥ የመገኘቱ ዕድል ከአሥር ዘጠኝ ነው ይላል። ይህ የአንድ ፓርቲ ህዳግ ነው፤ በሁለት ፓርቲዎች መካከል ያለው ልዩነት ህዳግ ከዚህ ይሰፋል።

በ2021 ቆጠራ መሠረት በእንግሊዝና በዌልስ ጥቁር ተብለው የተመዘገቡት ከሕዝቡ 4 በመቶ ያህል ናቸው። በ1,000 ሰው ናሙና ውስጥ ይህ 40 ሰው ሲሆን ህዳጉ ወደ 15 ነጥብ ይደርሳል፤ ስለዚህ «ጥቁር ብሪታንያውያን 45 በመቶ ይደግፋሉ» የሚለው ዜና ከ30 እስከ 60 ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። ከኢትዮጵያ ወይም ከኤርትራ የመጡትን በተመለከተ ደግሞ በ2,000 ሰው ናሙና ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው፤ ምንም ላይገኝም ይችላል። ስለ አናሳ ማኅበረሰቦች በርግጠኝነት ለመናገር እንደ 2010ሩ የአናሳ ብሔረሰቦች የምርጫ ጥናት ያለ፣ ከ2,700 በላይ ሰዎችን ለይቶ የጠየቀ ልዩ ሥራ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ግን ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ በተደጋጋሚ አይሠራም። እርሱም ቢሆን የተነተናቸው ታላላቆቹን ቡድኖች ነው፤ «ጥቁር አፍሪካውያን» በሚለው አንድ ዓምድ ውስጥ ናይጄሪያዊውም፣ ሶማሊያዊውም፣ ሐበሻውም አብረው ይገኛሉ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ «አላውቅም» ያሉት የት እንደገቡ ይፈልጉ

በምርጫ ጥናቶች ዘንድ አላውቅም ያሉትንና አልመርጥም ያሉትን አውጥቶ የቀረውን ወደ መቶ ማስላት የተለመደ ነው። ከ1,000 ሰው 200ው ባያውቅ፣ «40 በመቶ» የተባለው ፓርቲ ከጠቅላላው ያገኘው 32 በመቶ ብቻ ነው። በማኅበራዊ ጉዳይ ጥናቶች ደግሞ በተቃራኒው ሁለት መልሶች ተደምረው አንድ ይሆናሉ፤ በኤንኤችኤስ ጉዳይ 21 በመቶው «በጣም» እና «በመጠኑ» የረኩት ድምር ሲሆን፣ ቅር የተሰኙት 59 በመቶ፣ የቀሩት 20 በመቶ ያህሉ በመካከል ናቸው። ስለዚህ «79 በመቶው አልረካም» ብሎ ከመቶ ቀንሶ መጻፍ ስህተት ነው።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ቁጥሩን በዓመታት ሰልፍ ውስጥ ያስገቡት

የብሪታንያ ጥናቶች ትልቁ ሀብት ርዝመታቸው ነው። አንድ ጥያቄ ምንም ያህል እንከን ቢኖርበት፣ በየዓመቱ እንከኑን ይዞ እስከተጠየቀ ድረስ ለውጡ ይታያል። «የወንድ ሥራ ገንዘብ ማግኘት፣ የሴት ሥራ ቤትና ቤተሰብ መንከባከብ ነው» በሚለው አባባል በ1987 የተስማሙት 48 በመቶ ነበሩ፤ በ2022 ደግሞ 9 በመቶ። ይህ አባባል ከላይ እንደጠቀስነው ወደ መስማማት የሚገፋ ቅርጽ አለው፤ እንደዚያም ሆኖ መውረዱ ውጤቱን ይበልጥ የሚታመን ያደርገዋል።

ሁሉም ሰልፍ ግን በአንድ አቅጣጫ አይጓዝም፤ ብዙ ዘጋቢዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። መንግሥት ግብር ጨምሮ ለጤና፣ ለትምህርትና ለማኅበራዊ ድጋፍ የበለጠ ያውጣ የሚሉት በ1983፣ በማርጋሬት ታቸር ዘመን፣ ከሦስት አንድ ያህሉ ነበሩ። ወጪው ከተጨመቀ በኋላ በ1991 ሁለት ሦስተኛ ገደማ ደረሱ። ሌበር ሥልጣን ይዞ ወጪ ከጨመረ በኋላ በ2010 እንደገና ወደ አንድ ሦስተኛ ወረዱ፤ ከዓመታት የቁጠባ ፖሊሲ በኋላም በ2017 60 በመቶ ሆኑ። ሕዝቡ መንግሥት ከሚሄድበት በተቃራኒ ይጎትታል ማለት ነው። እንግዲህ ከዚህ ሰልፍ አንድ ዓመት መርጦ «ብሪታንያውያን ግብር ይጠላሉ» ወይም «ይወዳሉ» ማለት ለፈለገ ሁሉ ማስረጃ አለለት። መጠየቅ ያለበት በዚያ ዓመት ሥልጣን ላይ የነበረው ማን ነበር፣ ምንስ እያደረገ ነበር የሚለው ነው።

ለኤንኤችኤስ ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ያድርጉ። ከፍተኛው እርካታ በ2010 የተመዘገበው 70 በመቶ ነው፤ በ2023 24፣ በ2024 21 ሆነ። ወደ 3,000 በሚጠጋ ናሙና በሁለት ተከታታይ ዓመታት መካከል ያለው ልዩነት ህዳግ በቀላል ስሌት 2 ነጥብ ገደማ ሲሆን፣ ክብደት የማስተካከሉ ሥራ ትንሽ ያሰፋዋል፤ ስለዚህ የመጨረሻዋ የ3 ነጥብ መውረድ ከድንበሩ ብዙም አትርቅም። ከ70 ወደ 21 መውረዱን ግን የ2020ው የአጠያየቅ ለውጥም ሆነ ማንኛውም ህዳግ አያስረዳውም። ጋዜጦች ርእስ ያደረጉት የመጨረሻዋን እርምጃ ነው፤ ዜናው ያለው ግን በአሥራ አራቱ ዓመት ቁልቁለት ውስጥ ነው።

ስምንተኛ ደረጃ፦ አስተያየትንና ግምትን ይለዩ

አንዳንድ ጥናቶች ሰው የሚፈልገውን ሳይሆን የሚያውቀውን ይለካሉ። በ2013 ኢፕሶስ ሞሪ ለሮያል ስታቲስቲካል ሶሳይቲና ለኪንግስ ኮሌጅ ለንደን ባካሄደው ጥናት፣ መላሾች በአማካይ ከሕዝቡ 31 በመቶው ስደተኛ ነው ብለው ሲገምቱ በጊዜው የነበረው ይፋዊ ቁጥር 13 በመቶ ነበር። ይህ ስለ ስደተኞች ብዛት ማስረጃ አይሆንም፤ ስለ መላሾቹ ግምት ግን ማስረጃ ነው። «ወንጀል ጨምሯል ብለው ያስባሉ?» የሚሉ ጥያቄዎችንም በዚሁ ዓይን ይዩአቸው።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ ድርጅቶቹ ቀድሞ የተፈተኑበትን ያስታውሱ

የማኅበራዊ አስተያየት ጥናት ትክክለኛ መልሱ በሌላ መንገድ አይታወቅም፤ የምርጫ ጥናት ግን ይታወቃል፣ ስለዚህም ብቸኛው ፈተና ነው። በ1992 ጥናቶቹ ሌበርን በጥቂቱ ሲያስቀድሙ ኮንሰርቫቲቭ በሰባት ነጥብ ተኩል ገደማ አሸነፈ። ስለ 2015 ከላይ ተነግሯል። በ2024 ደግሞ አብዛኞቹ የመጨረሻ ጥናቶች የሌበርን ብልጫ ከእውነተኛው 10 ነጥብ እጅግ አስፍተው ነበር ያሳዩት፤ ነገር ግን ሌበር በፓርላማ መቀመጫ በሰፊው ስላሸነፈ ስህተቱን ብዙ ሰው አላስተዋለውም። በጸሐፊው ግምት ይህ ዓይነቱ ስህተት ከ1992ቱ የባሰ ነው፤ አሸናፊውን ካወቁ ሁሉን እንዳወቁ የሚቆጠርበት ልማድ አጣሪ ቡድን እንዳይቋቋም ያደርጋልና።

አሥረኛ ደረጃ፦ ጥሬ መረጃውን ይክፈቱ፣ ከዚያ ይጻፉ

ጥርጣሬ ያደረበት ወይም ሌላ ንጽጽር የፈለገ ሰው በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚሠራውን ዩኬ ዳታ ሰርቪስ መጠቀም ይችላል። የብሪቲሽ ሶሻል አቲቱድስም ሆነ የብሪታንያ ምርጫ ጥናት ፋይሎች በዚያ ይገኛሉ፤ ተመዝግቦ የአጠቃቀም ውሉን የተቀበለ ሰው ለምርምር ያወርዳቸዋል። ፋይሉን ሲከፍቱ መጀመሪያ መጠይቁን ያንብቡ፣ የክብደቱን ተለዋዋጭ፣ ማለትም የእያንዳንዱን መላሽ ክብደት የያዘውን ዓምድ፣ ለይተው በስሌቱ ውስጥ ያስገቡት፣ ከዚያም ቀድሞ የታተመ አንድ ቁጥር ራስዎ አስልተው ከታተመው ጋር ያመሳክሩ። ካልገጠመልዎ ክብደቱን ረስተዋል፣ ወይም ጥያቄው ለናሙናው ከፊል ብቻ የቀረበ መሆኑን አላስተዋሉም፤ ሁለቱም በተደጋጋሚ ያጋጥማሉ።

ወደ መጻፉ ሲገቡ አንድ አንቀጽ የጥያቄውን ይዘት፣ የተጠየቁትን፣ ጊዜውንና ያለፈውን ቁጥር ሊይዝ ይገባል። ለመለማመጃችን የሚሆነው ዓረፍተ ነገር ይህን ይመስላል፦ «በ2024 መጸው በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ከሚኖሩ ጎልማሶች በዕጣ ከተመረጡ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች መካከል፣ ብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ በሚሠራበት ሁኔታ በጣም ወይም በመጠኑ ረክተናል ያሉት 21 በመቶ ሲሆኑ፣ ይህ ጥናቱ ከተጀመረበት ከ1983 ወዲህ ዝቅተኛው ነው፤ በ2010 ቁጥሩ 70 በመቶ ነበር።» ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው። የጋዜጣ አርታዒ ሊያሳጥረው ከፈለገ በመጀመሪያ የሰዎቹን ብዛት ይቁረጥ፤ ጥያቄውንና 2010ን ግን አይንካቸው።